አዲስ ጠበቃ የችሎት ካባ ሲገዛ፦ ከአያት ሠፈር ለቀረበ ጥያቄ የልብስ ሰፊ ምላሽ

ጥያቄ፦ የጥብቅና ፈቃዴን ያገኘሁት በቅርቡ ነው። የምኖረው አያት ጨፌ ሲሆን የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ልደታ፣ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የቀረኝ ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰ ነው። መርካቶ ተሰፍቶ የተዘጋጀ ጥቁር ካባ ለክቼ ነበር፤ ቁመቴ አጭር ስለሆነ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል፣ ትከሻውም ወደ ክንዴ ይወርዳል። አንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ያገለገለ ካባቸውን ሊሰጡኝ ፈቃደኛ ናቸው። ጓደኛዬ ደግሞ «ከእንግሊዝ አገር እናስመጣ» ትለኛለች። የምረቃ ጋዋኔም ቤት ተቀምጧል፤ እሱን ማስተካከል ይቻል እንደሆነም አላውቅም። የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ጎበዝ ነው፤ ካባ ግን ሰፍቶ አያውቅም። የትኛውን ልምረጥ?

ምላሽ፦ ፈቃድዎን ስላገኙ እንኳን ደስ አለዎት። መልሴን ከፊት ላስቀምጥና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። ካባውን በልክዎ ያሰፉ፤ ጨርቁን ራስዎ መርጠው ይግዙ፤ ስፌቱን ለሠፈርዎ ልብስ ሰፊ ይስጡት። ካባ ሰፍቶ አለማወቁ ብዙ ሊያሳስብዎ አይገባም፤ ኮት አሳምሮ የሚሰፋ ሰው ካባ አያቅተውም፣ የኮት ትከሻ ማስቀመጥ የማይችል ሰው ግን ስንት ካባ ቢሰፋ ያው ነው። ያለዎትን ገንዘብ ጨርቁና ትከሻው ላይ ያውሉት፤ ለሚያብረቀርቅ ጌጥና ለወርቃማ ቁልፍ አንድም ብር አይመድቡ።

ስለ ትከሻው አጥብቄ የምናገረው ካባ ከሌላው ልብስ ሁሉ በአንድ ነገር ስለሚለይ ነው። ሱሪ ወገብ ላይ ይያዛል፣ ሸሚዝም ደረትንና አንገትን ይዞ ይቆማል፤ ካባ ግን ሰውነትን አጥብቆ የሚነካው ትከሻና ማጅራት ላይ ብቻ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተንጠልጣይ ነው። ለአንድ ካባ የሚገባው ጨርቅ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን ክብደት በሙሉ የሚሸከመው ከማጅራት በታች ትከሻን ከትከሻ የሚያገናኘውና የጀርባው ሽንሽን የሚሰፋበት ድርብ ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ ከትከሻዎ ሁለት ሣንቲሜትር እንኳ ከሰፋ ካባው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የፊቱ አንገት ጉሮሮዎን ይጫናል፤ ዳኛ ፊት ቆመው ሲናገሩ አንዱ እጅዎ ሳያውቁት ካባውን ወደ ፊት ሲጎትት ይውላል። መርካቶ የለኩት ካባ ችግሩ ይኸው ነው። ተሰፍቶ የሚቀመጥ ካባ በአብዛኛው የሚቆረጠው ለሰፊ ትከሻ ነው፤ እጅጌውን ማሳጠር ለማንም ልብስ ሰፊ የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን ትከሻውን ማጥበብ ግን ሽንሽኑን፣ አንገቱንና እጅጌውን አንድ ላይ ፈትቶ እንደገና መግጠም ማለት ነው። ሻጩ «እናስተካክልልዎታለን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የእጅጌውን ጫፍና የታችኛውን ቅምቅማት ነው።

መቀስ ከመነሣቱ በፊት ግን መልኩ በትክክል መታወቅ አለበት። ካባው በእርስዎ ገንዘብ ቢገዛም መልኩ የሙያው ነው፤ የአንገቱ አቆራረጥ፣ የጠርዙ ቀለም ወይም የፊቱ አዘጋግ በግል ምርጫ አይወሰንም። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ስላለ፣ በሥራ ላይ ያለው መልክ የትኛው እንደሆነ ከማኅበሩ ጠይቀው በጽሑፍ ወይም በፎቶግራፍ ይያዙ። ከዚያም አንድ ጠዋት ልደታ ሄደው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ችሎት ከኋላ ወንበር ይቀመጡና በሙያው የቆዩ ጠበቆች የለበሱትን ከአንገት እስከ ጫፍ ይመልከቱ። ዳኛም ጠበቃም ካባ ለባሽ በመሆኑ ልብስ ሰፊው «የፍርድ ቤት ካባ» ሲባል በቴሌቪዥን ያየውን የዳኛ ካባ ሊሰፋልዎ ይችላል፤ ይህን ስህተት የሚያስቀረው በእጁ የሚይዘው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ችሎት ውስጥ ፎቶ አያንሡ፤ ከችሎት በኋላ ግቢው ውስጥ አንዱን የሙያ ባልደረባዎን ቢያስፈቅዱ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ሦስት ፎቶ ለማንሣት እምቢ የሚልዎ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ዳኛ ፊት በሥርዓት ለብሶ መቆም ለእኛ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ሸማውን አደግድጎ ይቀርብ ነበር፤ ሸማው የታሰረበት ሁኔታ ለችሎቱ ያለውን አክብሮት ያሳያል። በስፌት የተዘጋጀው ጥቁር ካባ ግን ሥሩ ከአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ነው።

ይህም ከእንግሊዝ አገር ስለማስመጣት ወደጠየቁት ያደርሰኛል። ምክሬ ይቅርብዎት ነው፤ ዋጋው ብቻም አይደለም ምክንያቱ። እያንዳንዱ አገር ካባው ላይ የራሱ ምልክት አለው። የእንግሊዝ ባሪስተር (ችሎት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ) ካባ ፊቱ ክፍት ሆኖ ያለ ቁልፍ የሚለበስ፣ ጀርባው ላይ በግራ ትከሻ በኩል ትንሽ ከረጢት መሰል ጨርቅ የተንጠለጠለበት ነው፤ ስለዚያች ከረጢት አመጣጥ ብዙ ወግ ይነገራል፣ ደንበኛ ክፍያውን ሹልክ አድርጎ የሚከትባት ነበረች የሚለው በሰፊው የሚወራው ሲሆን ከሐዘን ልብስ ቆብ የተረፈች ናት የሚሉም አሉ። ካባው ከአንገት በሁለት ነጫጭ ተንጠልጣይ ጨርቆችና ከፈረስ ፀጉር ከተሠራ ዊግ ጋር ይለበሳል። ዊጉን በፈረስ ፀጉር መሥራት በሰፊው የተለመደው ሃምፍሪ ሬቨንስክሮፍት የተባለ የለንደን ዊግ ሠሪ በ1822 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ነው። እዚያም ቢሆን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፍትሐ ብሔርና በቤተሰብ ጉዳዮች ዊግ ማድረግ በአብዛኛው ቀርቷል። የፈረንሳዩ ጠበቃ ካባ ደግሞ ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ፣ በግራ ትከሻ በኩል ረጅም ጨርቅ የሚወርድበት ነው። እነዚህ ምልክቶች በየአገራቸው ማዕረግንና ታሪክን የሚናገሩ ናቸው፤ ልደታ ላይ ግን የሚናገሩት ነገር የለም፣ ባልደረቦችዎን ፈገግ ከማሰኘት በቀር። በዚያ ላይ በኢንተርኔት የሚሸጠው ካባ ልኩ በቁመትና በደረት ስለሚመረጥ የትከሻው ችግር እንዳለ ባሕር ተሻግሮ ይመጣልዎታል።

የምረቃ ጋዋኑን በተመለከተ በአጭሩ፦ ጨርቁ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ያብረቀርቃል፤ የተሰፋው ለአንድ ቀንና ለፎቶግራፍ ነው። ካባ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን አይጣሉት፣ ከታች የምነግርዎ ጥቅም አለው።

ያገለገለውን ካባ ግን ይቀበሉ። አንጋፋ ጠበቃ የለበሰውን ካባ ለጀማሪ ሲሰጥ ምርቃትም አለበት፤ እምቢ አይባልም። እንደ ልብስ ሲታይ ጥቅሙ በጨርቁ ዓይነትና በዕድሜው ላይ ይወሰናል። በቀን ብርሃን በር ላይ ዘርግተው ይመልከቱት፤ ጥቁሩ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ ካደላ ቀለሙ በፀሐይ ተበልቷል፣ መልሶ ማቅለምም ስፌቱንና ጨርቁን እኩል ስለማይነካ አልመክረውም። ማጅራቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ የላብና የካውያ ምልክት ነው፤ የላቡ በእጥበት በከፊል ይለቃል። ሱፍ ከሆነ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ይፈልጉ፤ ፖሊስተርን ብል አይበላውም። ጨርቁ ደኅና የሆነ ወፍራም ሱፍ ከሆነ ዛሬ ገበያ ላይ ከሚያገኙት የተሻለ ሊሆን ስለሚችል ፈትቶ በልክዎ ማሰፋቱ ያዋጣል። ካልሆነ ግን የትልቅ ሰው ካባ ለእርስዎ ማጥበብ የአዲስ ካባ ስፌት ያህል ድካም አለው።

ያም ሆኖ ካባው ለእርስዎ ትልቁ ሀብት በሌላ በኩል ነው፤ ካባ ሰፍቶ ለማያውቀው ልብስ ሰፊዎ ሞዴል ይሆነዋል። ሽንሽኑ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደተኛ፣ የትከሻው ድርብ ቁራጭ ከውስጥ እንዴት እንደተዘጋ፣ እጅጌው ከትከሻው ጋር የት ላይ እንደተገጠመ ገልብጦ ያየዋል፤ አንዲትም ክር ሳይፈታ በወረቀት ላይ መገልበጥ ይችላል። የሚገለበጠው አሠራሩ ነው፤ ልኩ ግን የእርስዎ ይሁን። መልኩ አሁን በሥራ ላይ ካለው ጋር የሚለያይ ከሆነም ፎቶግራፎቹ ያስተካክሉታል። የምረቃ ጋዋንዎ ጥቅም እዚህ ላይ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ዋናውን ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ጋዋኑን ያስለብስዎና ቁመቱን፣ የእጅጌውን ርዝመትና የአፉን ስፋት በእሱ ላይ በመርፌ እየያዘ ይሞክር፤ ቢቀደድ ወይም ቢበላሽ የሚጎዳዎ ነገር የለም።

አሁን ወደ ጨርቁ ልግባ፤ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈስሰው እዚህ ላይ ነውና። ጨርቁ ደብዛዛ ጥቁር፣ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ሲጨበጥ ቶሎ የማይጨማደድ መሆን አለበት። የሚያብረቀርቅ ሳቲን ከመስኮት ብርሃን ጋር ሲገናኝ ነጭ ነጭ ይላል፣ የዘማሪ ልብስም ያስመስልዎታል። ከፋይ ለሙሽራ ካባ እንጂ ለችሎት አይሆንም፤ አቧራ ይይዛል፣ የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይተዋል። መቶ በመቶ ጥጥ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ጥቁሩም በጥቂት እጥበት ወደ ግራጫ ይሄዳል። ንጹሕ ሱፍ ከሁሉ የሚያምር አወዳደቅ ቢኖረውም ውድ ነው፣ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይኮማተራል፣ ብልም ይወደዋል። ለጀማሪ ጠበቃ እኔ የምመርጠው ለኮትና ሱሪ የሚሸጠውን የፖሊስተርና የቪስኮስ (ከእንጨት ጭረት የሚሠራ ለስላሳ ክር) ድብልቅ ነው፤ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ቪስኮስ የሆነው በብዛት ይገኛል። ፖሊስተሩ ጥንካሬና ያለመጨማደድ ጠባይ ይሰጠዋል፣ ቪስኮሱ ደግሞ ልስላሴና አወዳደቅ። አቅምዎ ከፈቀደ የፖሊስተርና የሱፍ ድብልቅ ከዚህ አንድ ደረጃ ይበልጣል።

ውፍረቱን በእጅ በመዳሰስ ብቻ አይወስኑ። ለካባ የሚስማማው ጨርቅ በካሬ ሜትር ከ220 እስከ 245 ግራም የሚመዝነው ነው። ስፋቱ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ሲቆረጥ ክብደቱ ከ330 እስከ 370 ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ ሻጩ ክብደቱን ካላወቀው የሚፈልጉትን መጠን ካስቆረጡ በኋላ በማንኛውም ሚዛን ላይ አስመዝነው በሜትሩ ሊያካፍሉት ይችላሉ፣ ከመቁረጡ በፊት ከሆነ ግን የሙሉ ጥቅልሉን ክብደት በርዝመቱ ማካፈል ይቀላል። ከዚህ የቀለለ ጨርቅ ነፋስ ያነሣዋል፣ ከሥሩ ያለው ኮት ቅርጽም ይታይበታል፤ ከ280 ግራም በላይ የሆነው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ያቃጥልዎታል።

«መቶ በመቶ ሱፍ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ከጨርቁ ዳር ጥቂት ክሮች መዝዘው ይውሰዱና ቤትዎ የእጅ መታጠቢያ ላይ በወረንጦ ይዘው ያቃጥሏቸው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፍራል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል፤ ጥጥና ቪስኮስ እንደ ወረቀት ነድደው ለስላሳ አመድ ይተዋሉ። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱም ምልክት ይታያል። ቀለሙን ለመፈተን ነጭ መሐረብ በውሃ አርሰው ጨርቁን አጥብቀው ያሹት፤ መሐረቡ ከጠቆረ ነጭ ሸሚዝዎ ኮሌታ ላይም ያው ይሆናል። ጥቁር ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን አይዘንጉ። በሱቅ መብራት ሥር ጥቁር የሆነው ውጭ ሲወጣ ሰማያዊ ወይም ቀላ ያለ ሊሆን ይችላልና ጥቅልሉን ይዘው በር ድረስ ይውጡ፤ ሻጩ ቢነጫነጭም ይታገሡት። የሚፈልጉትን መጠን ሁሉ ከአንድ ጥቅልል ያስቆርጡ፤ በኋላ የሚጨምሩት ግማሽ ሜትር ከሌላ ጥቅልል ከመጣ እጅጌው ከጀርባው ጋር አይገጥምም።

መጠኑ ለእርስዎ ቁመት ስፋቱ 1.50 ከሆነ ሦስት ሜትር ተኩል ይበቃል፤ ስፋቱ 1.15 ከሆነ ግን አንድ ሜትር ያህል ይጨምሩ። ዋጋ እዚህ መጻፍ አልፈልግም። ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ያለፈው ወር ዋጋ ለዚህ ወር አይሠራም። ልነግርዎ የምችለው የወጪውን አከፋፈል ነው፤ ለጨርቁ የሚያወጡት ከስፌቱ ከበለጠ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት፣ የስፌቱ ዋጋ ከጨርቁ ብዙ ከበለጠ ግን ወይ ጨርቁ ርካሽ ነው፣ ወይ «ለጠበቃ ነው» ተብሎ ተጨምሮብዎታል።

ልክ ሊወሰድልዎ ሲሄዱ ችሎት የሚለብሱትን ኮትና ጫማ አድርገው ይሂዱ። በሸሚዝ ላይ የተወሰደ ልክ ለካባ አይሆንም። ቁመቱ የሚለካው አንገት ሲደፋ ከማጅራት ሥር ጎላ ከሚለው አጥንት ጀምሮ ወደ ታች ሲሆን የካባው ጫፍ ከመሬት ከ25 እስከ 28 ሣንቲሜትር ቢርቅ ለእርስዎ ቁመት ደኅና ነው። አጫጭር ሰዎች ቁመት የሚጨምርላቸው እየመሰላቸው ካባውን ያስረዝሙታል፤ ውጤቱ ተቃራኒ ነው፣ ደረጃ ላይም ይረገጣል። የእጅጌው ርዝመት ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይለካ፤ ሰነድ ለችሎት ሲያቀብሉ የእጅ አንጓዎ ላይ ማረፍ አለበት። የእጅጌው አፍ ሰፊ መሆኑ የካባ ጠባይ ቢሆንም ለትንሽ ሰውነት ትንሽ ይቀነስ፣ አለዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ ይጠርጋል። የታችኛው ዙሪያ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ይበቃል። የሽንሽኑ ቁጥር እንዳለ ሆኖ እያንዳንዱ ቢጠብ ከቁጥሩ ከሚቀነስ ይሻላል።

ለልብስ ሰፊው የሚነግሩት ነገር ብዙ ባይሆንም በግልጽ ይንገሩት። ሽንሽኑ መጀመሪያ በእጅ ክር ተይዞ በካውያ ከተኛ በኋላ ነው በመኪና የሚሰፋው፤ በመኪና ብቻ የተሰፋ ሽንሽን ቶሎ ሊከፈት ይችላል። የትከሻው ቁራጭ ድርብ ይሁን፣ በመካከሉም ስስ ማጠንከሪያ ይግባበት፤ የትከሻ ስፖንጅ ግን አያስገባ፣ ከሥሩ ያለው ኮት የራሱ አለው። ገበር ለሙሉ ካባው አያስፈልግም፤ ከትከሻ እስከ ጀርባ አጋማሽና እጅጌው ውስጥ በቪስኮስ ገበር ቢሆን ይበቃል። በበጋው ደረቅ አየር ፖሊስተር ከኮትዎ ጋር ተፋትጎ መጣበቅና መንጨርጨር ያመጣልና ይህቺ ግማሽ ገበር ትከላከላለች። ከጎንና ከጎን የኮት ኪስዎ ትይዩ የእጅ ማስገቢያ ቀዳዳ ይተውልዎት። ትከሻው ላይ ሁለት ሣንቲሜትር፣ ከታች ደግሞ ስድስት ሣንቲሜትር ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቅር። ካባ ለብዙ ዓመት የሚለበስ ልብስ ነው፣ ሰውነት ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። በዚሁ ምክንያት የተቀበሉት መልክ የሚፈቅድ ከሆነ ፊቱ ከዚፕ ይልቅ በተደበቀ መንጠቆ ቢያያዝ እመርጣለሁ። ዚፕ ሲበላሽ ካባው በሙሉ ይቆማል፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች ጠበቃም አይዘጋም፤ መንጠቆ ግን ቦታው ሊቀየር ይችላል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርግ ባለሙያ ልክ ስትሰጥ እሱንም አድርጋ ብትቀርብ አንገቱ በዚያው መጠን ይቆረጥላታል። ከማጅራቱ ሥር ስምዎ የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ያሰፉ፤ ካባ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነበት ክፍል ውስጥ መለዋወጥ አለ።

ጊዜውን በተመለከተ ከአንድ ወር ያነሰ መሆኑ አያስጨንቅዎት፣ ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ። እኔ ራሴ ካራ አካባቢ ስፌት ቤት ያለኝ ሰው ስሆን፣ ስለ ሙያ ባልደረቦቼ የማልክደው ነገር ቢኖር በቀጠሮ የምንታማ መሆናችንን ነው፤ ጠበቃና ልብስ ሰፊ ሁለቱም በቀጠሮ ይኖራሉ፣ የልብስ ሰፊውን መዝገብ የሚዘጋ ዳኛ ግን የለም። ስለዚህ ቀጠሮዎ ከእውነተኛው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ እንደሆነ አድርገው ይንገሩት። በጥር ሠርግ፣ በሰኔና በሐምሌ ምረቃ፣ በበዓላት ዋዜማ ደግሞ የአገር ልብስ ነው እጃችን ላይ ያለው፤ በእነዚያ ጊዜያት ሁለት ሳምንት ይቀንሱ። ሁለት ጊዜ እንዲያስለብስዎ ይጠይቁ፤ አንዱ ሽንሽኑና ትከሻው በእጅ ክር ብቻ በተያዘ ጊዜ፣ ሁለተኛው ታች ከመቀምቀሙ በፊት። ሁለተኛውን መዝለል ይቻላል፣ የመጀመሪያውን ግን በፍጹም። ካባው ሳይደርስ ቀጠሮው ቢደርስብዎ የአንጋፋውን ካባ እጅጌ ወደ ውስጥ አሳጥፈው፣ ታቹን በእጅ ስፌት ለጊዜው አስነሥተው ለአንድ ቀን መቅረብ ይችላሉ፤ ትከሻው ባይገጥምም ከስሱ የምረቃ ጋዋን ይሻላል።

አያት መኖርዎ ለካባው የራሱ ነገር አለው። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ ሳይቀይሩ ልደታ ያደርስዎታል፤ በጠዋቱ ግፊያ ውስጥ ግን ካባ ለብሶም፣ ክንድ ላይ ጥሎም መጓዝ አይሆንም። ካባውን ወደ ውስጥ ገልብጠው፣ ሁለቱን ትከሻዎች አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገብተው፣ በቁመቱ ሦስት ቦታ አጥፈው ከጠቀለሉት ከአንድ ጋቢ ባነሰ ቦታ ይያዛል፣ ሽንሽኑም አይበላሽም። የጥጥ ከረጢት ውስጥ ይክተቱት፣ በክረምት ከላዩ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ይደርቡበት። በላስቲክ ብቻ አይጠቅልሉት፤ በክረምት እርጥበት ሻጋታ ያወጣል። ፍርድ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ችሎት ከመግባትዎ ትንሽ ቀደም ብለው አውጥተው ቢያራግፉት በሰውነትዎ ሙቀት የቀረው እጥፋት ይለቃል።

አያያዙ ቀላል ነው። ከችሎት ሲመለሱ ሰፊ ትከሻ ባለው የእንጨት መስቀያ ላይ ይስቀሉት፤ የሽቦ መስቀያ የትከሻውን ቁራጭ ያጎብጠዋል። የበጋ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፤ በየሳምንቱ ማጠብ ቀለሙን መጨረስ ነው። የፖሊስተርና የቪስኮስ ድብልቅ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ታጥቦ ሳይጠመዘዝ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ጥቁር ቀለምን ክፉኛ ትበላለችና የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ አያስጡት። ካውያው መካከለኛ ሙቀት ላይ ሆኖ በተገለበጠው በኩል፣ ከተቻለም እርጥብ ጨርቅ ጣልቃ ገብቶ ይተኮስ፤ ፖሊስተር በጋለ ካውያ አንዴ ካብለጨለጨ አይመለስም። ሱፍ ያለበት ከሆነ ብቻ በፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ወቅት ናፍታሊን አጠገቡ ያድርጉ።

ሁለተኛ ካባ አሁን አያሰፉ። የቀረው ገንዘብ ካለ ነጭ ሸሚዝ ይግዙበት፤ ከካባው አንገት በላይ የሚታየው የሸሚዝ ኮሌታ ነውና ካባው ምንም ቢያምር የተጎሳቆለ ኮሌታ ያዋርደዋል።

ካባውን ሊረከቡ ሲሄዱ መስተዋት ፊት ቆሞ ማየት ብቻ በቂ አይደለም። ኮትዎ ላይ ለብሰውት ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ቀኝ እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ፣ ወፍራም ፋይል ታቅፈው ወዲያና ወዲህ ይራመዱ፣ ደረጃ ካለም ወጥተው ይውረዱ። ይህን ሁሉ አድርገው ትከሻው ከነበረበት ካልተነቃነቀ ቀሪውን ሂሳብ ይክፈሉ፤ ከተንሸራተተ ግን ቀብድዎን ብቻ እንደያዘ ካባውን መልሰው ይስጡትና ትከሻውን ፈትቶ እንዲያስገባው ያድርጉ።